በናላርቦር ጠረፍ የሚጎተት ቤት

ካራቫን በመኪና የሚጎተት ቤት ነው። ሞተር የለውም፤ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ የውኃ ታንከር፣ ብዙ ጊዜም መታጠቢያና ሽንት ቤት ግን አለው። ጠባዩን በደንብ ማወቅ የፈለገ ሰው በአውስትራሊያ ደቡባዊ ጠረፍ፣ ከሴዱና ተነስቶ ወደ ምዕራብ እስከ ኖርስማን በሚዘልቀው መንገድ ላይ ሊያየው ይገባል። ርቀቱ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ሁሉ መሀል ከተማ የሚባል የለም፤ ነዳጅ፣ ምግብና ማደሪያ አንድ ላይ የያዙ ማደያዎች ብቻ አሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስም አንዳንዴ 190 ኪሎ ሜትር ግድም ይነዳል። ወደ ምዕራብ ለሚጓዝ ሰው በስተግራው ውቅያኖሱ፣ በስተቀኙ 200,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍነው የናላርቦር ሜዳ ነው።

መንገዱ የተሰየመው በኤድዋርድ ጆን ኤር ነው። ይህ እንግሊዛዊ አሳሽ እ.ኤ.አ. በ1841 ጠረፉን ይዞ፣ በውኃ ጥም እየተንገላታ ሜዳውን ተሻግሯል። እስከ መጨረሻው አብሮት የዘለቀው ከኑንጋር ነባር ሕዝብ የተወለደው ዋይሊ ነበር። የዋይሊ ስም ከኤር እኩል መነሳት ነበረበት ባይ ነኝ። መንገዱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተጠረገ፤ ሙሉ በሙሉ አስፋልት የለበሰው ግን በ1976 ነው። ዛሬ ካራቫን ጎትተው ከሚያልፉበት መካከል ጡረታ የወጡ ባልና ሚስቶች ብዙ ናቸው። ልጆቻቸውን ድረው፣ ቤታቸውን ቆልፈው ወይም አከራይተው ለወራት ይወጣሉ።

በመዝናኛነት የታወቀው የመጀመሪያው ካራቫን በ1885 በእንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል የተሠራው «ዋንደረር» ነው። ባለቤቱ ስኮትላንዳዊው ሐኪምና ደራሲ ጎርደን ስቴብልስ ነበር። ሁለት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ቤት የሚጎትቱት ሁለት ፈረሶች ናቸው፤ አሽከሩ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት እየነዳ ከፊት መንገድ ያስለቅቃል። ሐኪሙ በዚህ ሁኔታ እስከ ሰሜን ስኮትላንድ ተጉዟል።

ፈረሱ በመኪና ቢተካም የክብደት ጉዳይ ያው ነው። እያንዳንዱ ካራቫን ባዶውን ስንት እንደሚመዝን፣ ተጭኖም ከስንት ማለፍ እንደሌለበት አካሉ ላይ በተመታ ሰሌዳ ተጽፎበታል። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ከጥቂት መቶ ኪሎ አይበልጥም፤ ባልና ሚስቱ ሊጭኑት የሚችሉት እንግዲህ ያንኑ ብቻ ነው። ውኃ በሊትር አንድ ኪሎ ስለሆነ ሁለት ባለ 90 ሊትር ታንከር መሙላት ብቻውን 180 ኪሎ ይበላል። የጋዝ ሲሊንደሮች፣ ትርፍ ባትሪ፣ መጋረጃ መሰሉ ዳስ፣ ወንበሮቹ፣ የዓሣ ማጥመጃው፣ እርሷ ያለዚያ አልሄድም ያለችው ድስት፣ እርሱ ያልተወው የመፍቻ ሣጥን፣ ሁሉም ይደመራል። ጥንቁቅ የሆኑት ከመነሳታቸው በፊት ካራቫናቸውን ሕዝብ ወደሚጠቀምበት ሚዛን ወስደው ያስመዝናሉ። ይህን ሳያደርጉ ናላርቦርን መጀመር ትልቅ ድፍረት ነው።

ከጠቅላላ ክብደቱም ይበልጥ አደገኛው አጫጫኑ ነው። በአውስትራሊያ የተለመደው መመሪያ ከተጫነው ክብደት 10 በመቶ ያህሉ በመኪናው መጎተቻ ላይ እንዲያርፍ ነው። 2,500 ኪሎ የሚመዝን ካራቫን ከሆነ 250 ኪሎ ማለት ነው። ከባዱ ዕቃ መቀመጥ ያለበት ወለሉ ላይ፣ ከጎማዎቹ በላይ ባለው ቦታ ነው። ወደ ኋላ ከበዛ ካራቫኑ በፍጥነት ሲጎተት ጭራውን መወዝወዝ ይጀምራል፤ ውዝዋዜው እየሰፋ ሄዶ መኪናውንም ይዞ ሊገለበጥ ይችላል። እንዲህ ሲሆን የመኪናውን ፍሬን ደንግጦ መርገጥ ነገሩን ያባብሰዋል። ነዳጁን ቀስ ብሎ መልቀቅ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ከዚያም ከዳሽቦርዱ ሥር ያለችውን ትንሽ ማዘዣ በእጅ ተጭኖ የካራቫኑን ፍሬን ለብቻው ማስያዝ ነው። ተጎታቹ ወደ ኋላ ሲስብ ሁለቱ ቀጥ ይላሉ።

ማለዳ ሲነሱ ያለውን ሥርዓት ልብ ብሎ ላየው ሰው፣ ጉዞው የሁለት ሰው ሥራ መሆኑ ግልጽ ነው። ባል ወደ ኋላ ይነዳል፤ ሚስት በስፖኪዮው እንድትታየው ሆና ቆማ በእጇ ትመራዋለች። መጎተቻው ልክ ሲገጥም ከፊት ያለችውን ትንሽ ጎማ እጀታ እያዞረች ካራቫኑን ዝቅ ታደርጋለች። መቆለፊያው ቀጭ ካለ በኋላ እጀታውን መልሳ ወደ ላይ ታዞራለች፤ የመኪናው ቂጥ አብሮ ብድግ ካለ በእርግጥ ተያይዟል። ሁለቱ ሰንሰለቶች ይታሰራሉ፤ ካራቫኑ ቢበጠስ ፍሬኑን በራሱ የሚያስይዘው ሽቦ ይሰካል፤ የመብራቱ ገመድ ይገባል። ከዚያ እርሷ ከኋላ ሆና «ቀኝ፣ ግራ፣ ፍሬን» እያለች መብራቱን ታረጋግጣለች። እርሱ በበኩሉ የጋዙን ቧንቧ፣ የጣሪያውን መስኮትና የፍሪጁን በር አይቶ ታኮዎቹን ከጎማዎቹ ሥር ያነሳል።

በባላዶኒያና በካይጉና ማደያዎች መካከል መንገዱ ለ146.6 ኪሎ ሜትር አንዲት ኩርባ የለውም። እንዲህ ያለው ቦታ እንቅልፍ ያመጣል፤ ስለዚህ መሪ መቀያየር ግድ ነው። ባለተሳቢ ከባድ መኪና ከፊት መጥቶ ሲተላለፉ የሚገፋው አየር ካራቫኑን መጀመሪያ ወደ ውጭ ያንገዳግደዋል፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ራሱ ይስበዋል። ልምድ ያላቸው ባለካራቫኖች በአጭር ርቀት ሬዲዮ ከከባድ መኪና ነጂዎቹ ጋር ተነጋግረው ያሳልፏቸዋል። ንፋሱ ከፊት ከሆነ ነዳጁ ከታሰበው እጅግ ቀድሞ ያልቃል፤ የሚቀጥለው ማደያ ይበቃናል ብሎ በግምት ማለፍ አይቻልም። ሲመሽ ካንጋሮና ግመል መንገዱ ላይ ስለሚወጡ ብዙዎቹ ጀምበር ሳትጠልቅ ይቆማሉ።

ውኃም እንዲሁ ነው። የኖራ ድንጋዩ ዝናቡን ወደ ውስጥ ስለሚያሰርገው በሜዳው ላይ የሚፈስ ወንዝ የለም፤ የሚጠጣውን ከመነሻው ሞልቶ መያዝ ያስፈልጋል። ገበያው ደግሞ ሌላ ስሌት ይጠይቃል። ወደ ምዕራብ አውስትራሊያ ሲገባ ድንበሩ ላይ የዕፅዋት በሽታና ተባይ ቁጥጥር አለ፤ ትኩስ ፍራፍሬ፣ አትክልትና ማር አያሳልፉም። ስለዚህ በድንበሩ ዋዜማ የተረፈው ድንችና ካሮት በሙሉ ድስት ውስጥ ይገባል።

ሰው ይህን ሁሉ የሚችለው ለጠረፉ ሲል ነው። የቡንዳ ገደሎች ከሜዳው ጫፍ ላይ ድንገት ተቆርጠው ከ60 ሜትር በላይ ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ፤ ከታች ነጭ፣ ከላይ ቡናማ ናቸው። ትንሽ ቀደም ብሎ በያላታ ነባር ሕዝብ መሬት ላይ «የባሕረ ሰላጤው ራስ» የሚባለው ቦታ ይገኛል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ግድም የደቡብ ዓሣ ነባሪዎች ከቀዝቃዛው የአንታርክቲካ ባሕር መጥተው እዚያ ይወልዳሉ። በእንጨት ከተሠራው መመልከቻ ላይ ሆኖ እናትና ግልገል ጎን ለጎን ሲዋኙ ያለ መነጽር ይታያል። ጊዜ ያለው ሰው አንድ ቀን ሙሉ ቢሰጠው አይቆጨውም።

ለሚነሱ ባልና ሚስት አጥብቄ የምለው አንድ ነገር አለ። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ካራቫን መጎተት የሚችል ከሆነ አይነሱ። በሴዱናና በኖርስማን መካከል ሆስፒታል የለም። አውራ ጎዳናው ራሱ በአንዳንድ ቦታ ሰፍቶና ነጭ ምልክት ተቀብቶ ለበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት ማረፊያ ሆኗል፤ አውሮፕላኑ አስፋልቱ ላይ ያርፋል። ነጂው ታሞ በአውሮፕላን ቢወሰድ፣ ሌላው ካራቫኑን ይዞ ቢያንስ እስከሚቀጥለው ማደያ መድረስ አለበት። ወደ ኋላ መንዳቱን፣ ማጣመሩንና መፍታቱን ሁለቱም ከቤታቸው አጠገብ፣ ሰፊ ባዶ ሜዳ ላይ እየተፈራረቁ ይለማመዱት።