እርሳሱ በቀለሁ ውስጥ ምን ያህል ይጥለቅ?

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በአገራችን ገበያዎች ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን እንደ ገንዘብ የሚዘዋወር ሌላ ዕቃ ነበር፤ እርሱም የውጅግራ ጥይት ነው። ጥይቱን በገንዘብነት የሚቀበል ሰው በመዳፉ ሊመዝነው፣ በዓይኑም ርዝመቱን ሊያይ ይችላል፤ በውስጡ ስላለው ባሩድ ግን ምንም ማረጋገጫ የለውም። ይሁንና ርዝመቱ ብቻውን ብዙ ነገር ይናገራል። አንዱ ጥይት ከሌላው በአንድ ሚሊ ሜትር ቢያጥር እርሳሱ በዚያው መጠን ወደ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ለመሆኑ ይህች አንድ ሚሊ ሜትር ምን ለውጥ ታመጣለች?

አስቀድመን ስሞቹን እንለይ። ጥይት የምንለው ሙሉውን ነገር ነው። ቀለህ ባሩዱን የሚይዘው የናስ ዕቃ ሲሆን፣ በግርጌው በመርፌ ሲመታ እሳት የሚሰጠው ካፕሱል ይገኛል። እርሳስ ደግሞ ተወርዋሪው ክፍል ነው፤ ዛሬ በመዳብ ቢለበጥም ስሙ አልተለወጠም።

መንዝ፣ ግሼና መርሐ ቤቴ ለዚህ ጥያቄ ባዕድ አይደሉም። ከመንዝ የተነሣው የሸዋ ሥርወ መንግሥት በአንኮበር ሲቀመጥ የጦር መሣሪያ ንግድ ከባሕር ጠረፍ ወደዚያ ይጎርፍ ነበር፤ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ሳይቀር በ1879 ዓ.ም. የጠመንጃ ጭነት እየነዳ አንኮበር ደርሷል። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገሪቱን ከያዘ በኋላም ራስ አበበ አረጋይ የመሯቸው የሸዋ አርበኞች በዚሁ ተራራማ አገር ሲዋጉ ጥይት ከሁሉ የከበረ ስንቅ ነበር። ጥይት ውድ በሆነበት አገር ቀለህ አይጣልም፤ ተለቅሞ እንደገና ይሞላል። ቀለህ የሚሞላ ሰው ሁሉ ደግሞ፣ ፊዚክስ ተማረም አልተማረ፣ እርሳሱን የት ላይ እንደሚያቆም መወሰን ግዴታው ነው።

ለውጅግራ መልሱ ቀላል ነበር። ስሙን “ፉዚ ግራ” ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ ያገኘው ይህ ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1874 የተሠራ ሲሆን፣ ዓድዋ ላይ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይዘውት ዘምተዋል። 11 ሚሊ ሜትር ስፋትና 25 ግራም ያህል ክብደት ያለውን እርሳስ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ይወረውራል። የሚጠቀመው ጥቁር ባሩድ ሲሆን፣ ይህ ባሩድ ሲነድ ከግማሽ የሚበልጠው ክብደቱ ጋዝ ሳይሆን ጠጣር ጢስና ጥላሸት ይሆናል። የጥቁር ባሩድ ደንብ በእርሳሱና በባሩዱ መካከል ባዶ ቦታ እንዳይኖር የሚያዝ ነው። ክፍተት ከተተወ ነበልባሉና ጋዙ ተንደርድረው እርሳሱን ስለሚመቱት በርሜሉ በአንድ ቦታ ላይ እንደ ቀለበት ሊያብጥ ይችላል። ስለዚህ ጥልቀቱን የሚወስነው ባሩዱ ራሱ ነው፤ እርሳሱ ባሩዱ ላይ ይቀመጣል፣ ነገሩም ያልቃል።

ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪየይ እ.ኤ.አ. በ1884 ጢስ አልባውን ባሩድ ከሠራ ወዲህ ግን ነገሩ ተወሳሰበ። ጢስ አልባ ባሩድ ግፊት በጨመረ ቁጥር ፈጥኖ ይነዳል፤ ፈጥኖ ሲነድም ግፊቱን መልሶ ይጨምራል። ይህ ራሱን የሚያቀጣጥል ዑደት ሲጀምር ያገኘው ቦታ ጠባብ ከሆነ ውጤቱ ከተመጣጣኙ በላይ ይሆናል።

እስቲ እናስላው። በሕዝቡ ዘንድ “ቤልጅግ” በሚባለው ማውዘር ጠመንጃ የሚተኮሰው የ7.92 ሚሊ ሜትር ጥይት የእርሳሱ ዲያሜትር 8.2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ የግርጌው ስፋት 53 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል። እርሳሱን በአንድ ሚሊ ሜትር ብናጠልቀው ከባሩዱ ቦታ 0.053 ሲሲ እንወስዳለን። በቀለሁ ውስጥ ለባሩድ የሚቀረው ቦታ 3.6 ሲሲ ገደማ ነውና ቅናሹ 1.5 በመቶ ብቻ ነው። በ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ጥይት ግን ለባሩድ ያለው ቦታ በግምት ግማሽ ሲሲ ብቻ ስለሆነ ያው አንድ ሚሊ ሜትር ከ12 በመቶ በላይ ይወስዳል። የሽጉጥ ጥይት ሲያጥር ከጠመንጃው ይልቅ እጅግ የሚያስፈራው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲያው በጠመንጃ እርሳሱን ወደ ውጭ ማውጣት ይሻላል ማለት ነውን? እዚህ ላይ ተቃራኒ ምክንያት ይገጥመናል። የበርሜሉ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ አለው፤ እርሳሱ ከቀለሁ ወጥቶ ቦዩ እስከሚጀምርበት ድረስ ጥቂት ይዘላል። በዚህች ዝላይ ውስጥ ይንደረደራል፣ የጋዙም ቦታ ይሰፋል። እርሳሱ ከመጀመሪያው ቦዩን ተደግፎ ከተቀመጠ ግን ከቆመበት ሳይነቃነቅ ብረቱ ውስጥ መቀረጽ አለበት፤ ጋዙም እስኪገፋው ድረስ ይታፈናል፤ ግፊቱም ይወጣል። አሜሪካዊው ጠመንጃ ሠሪ ሮይ ዌዘርቢ ባሩዱን አብዝቶ ግፊቱን ለመግታት ሲል ይህችን ዝላይ ሆን ብሎ ያስረዝማት ነበር። እንግዲህ እርሳሱ በጣም ሲጠልቅም፣ በጣም ሲወጣም ግፊት ይጨምራል፤ ዝቅተኛው ግፊት በመካከል ይገኛል። የማውዘሩ ጥይት የተፈቀደለት ከፍተኛ ግፊት 390 ሜጋ ፓስካል ሲሆን፣ ይህ በእርሳሱ ግርጌ ላይ ከ2 ቶን ክብደት ጋር የሚመጣጠን ኃይል ነው። እንዲህ ባለ ኃይል ቀልድ የለም።

ከደኅንነቱ ሌላ ዒላማ የመምታት ጉዳይ አለ። በውጭ አገር የዒላማ ተኳሾች ጥልቀቱን በመቶኛ ሚሊ ሜትሮች እየለዋወጡ፣ በእያንዳንዱ ልክ ሦስት ሦስት ጥይት ተኩሰው፣ ቀዳዳዎቹ የተጠጋጉበትን ልክ “ትክክለኛው ይህ ነው” ይላሉ። አመክንዮው መጥፎ አይደለም፤ በርሜል ሲተኮስ ይርገበገባልና እርሳሱ የሚወጣበት ቅጽበት ልዩነት ያመጣል። ማስረጃው ግን ደካማ ነው። ምንም ነገር ሳይለወጥ፣ ያንኑ ጥይት በሦስት በሦስት እየመደቡ ቢተኩሱት፣ በእጅግ የተራራቁት ሁለት ቀዳዳዎች ርቀት መደበኛ ልይይት ከአማካዩ 37 በመቶ ያህል ነው፤ በዐሥር ጥይት እንኳ 19 በመቶ ይቀራል። በአንዱ ጥልቀት 30፣ በሌላው 42 ሚሊ ሜትር ያገኘ ሰው ያገኘው ዕድል እንጂ ግኝት ላይሆን ይችላል። እኔ እንደማምነው እንዲህ “ከተገኙ” ልኮች ብዙዎቹ በሃያ ጥይት ቢፈተኑ ይጠፋሉ። በቤተ ሙከራ ሦስት ጊዜ ለክቶ መስመር የሚያሰምር ተማሪም ከዚህ የተለየ ነገር አይሠራም።

የመንዝ ከፍታስ? የጓሳ ደጋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል፤ የአየሩም ጥግግት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። እርሳሱ ከአፈሙዝ ከወጣ በኋላ አየሩ የሚፈጥረው ተቃውሞ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከጀማ ሸለቆ ይልቅ በጓሳ ፍጥነቱን ጠብቆ ይሄዳል። በቀለሁ ውስጥ ግን ከፍታው ምንም አይለውጥም፤ ከ390 ሜጋ ፓስካል ፊት የ0.03 ሜጋ ፓስካል ጉድለት ከቁጥር አይገባም። ብርዱ ግን ይገባል፤ ውርጭ ያደረበት ባሩድ ፀሐይ ከሞቀው ይልቅ ዝግ ብሎ ይነዳል።

ሁለት አደጋዎችን ሳልጠቅስ አላልፍም። አንደኛው ለጥቁር ባሩድ በተሠራ አሮጌ ጠመንጃ ጢስ አልባ ባሩድ በዚያው ስፍር መሙላት ነው፤ ይህ እርሳሱ የትም ቢቀመጥ ጠመንጃውን ይፈነዳዋል። ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ መሆኑም መታወቅ አለበት።

ሁለተኛው ምንም ያልሞላውን ሰው ይመለከታል። ያንኑ አንድ ጥይት ማታ ማታ የሚያጎርስ፣ ጧት ጧት የሚያወጣ ባለመሣሪያ፣ በተለይ ሽጉጥ የያዘ እንደ ሆነ፣ በእያንዳንዱ ምት እርሳሱን ሳያውቀው ወደ ውስጥ ሊገፋው ይችላል። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጥይቱን ካልተነካ መሰሉ አጠገብ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ማቆም ይበቃል። ካጠረ አይተኮስም።