ስለ ቃርና ስለ ጨጓራ ሕመም

በምሥራቅ ጎጃም፥ በየጥኖራ፥ በቢቸና፥ በደብረ ወርቅና በሞጣ ወገን ያለው አገር በጤፉ መልካምነት የታወቀ መሆኑ ከአንባቢዎቻችን የተሰወረ አይደለም። ነገር ግን መልካም እህል የሚበቅልበት አገር ሁሉ ሕዝቡ ሆዱን አይታመምም ማለት አይደለም። በዚሁ አገር ካህኑም፥ ሹሙም፥ ገበሬውም፥ ነጋዴውም ለጨዋታ ተቀምጦ ሳለ ደረቱን በእጁ እየዳሰሰ «ጨጓራ አለብኝ» ሲል መስማት እጅግ የተለመደ ሆኗል። ቀድሞ በሽማግሌዎች ዘንድ ይሰማ የነበረው ቃል ዛሬ ከተማሪው አፍም አይጠፋም።

ይህ አነጋገር ራሱ ጥቂት ልንመረምረው የሚገባ ነው። ጨጓራ የሌለው ሰው ከቶ አልተፈጠረም። የአካሉን ስም ለበሽታው በመስጠታችን ግን ልዩ ልዩ የሆኑ ሕመሞች በአንድ ስም ተጠቅልለው ይቀራሉ። አንዱ ከጨጓራ ወደ ጉሮሮ የሚመለስ ቃር ነው፤ ሁለተኛው በጨጓራ ወይም ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው አንጀት ላይ የወጣ ቁስል ነው፤ ሦስተኛው ምንም ቁስል ሳይኖር ምግብ አልፈጭ ብሎ ሆድን የሚነፋና የሚያጨናንቅ ነው። የሐሞት ጠጠርና የልብ ሕመም እንኳ ሳይቀሩ በዚሁ ስም ተሸፍነው ሰውን የሚጎዱበት ጊዜ አለ። ስሙ አንድ ስለ ሆነም ጎረቤት ከጎረቤቱ መድኀኒት ይዋዋሳል፤ ለአንዱ የበጀው ሁለተኛውን ሲጎዳው ይታያል።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። ፈጣሪ በጨጓራ ውስጥ ብርቱ የሆነ ኮምጣጣ ውሃ እንዲመነጭ አድርጓል። ይህ ውሃ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይባላል። ሥራውም ምግብን ማላላትና ከምግብ ጋራ የሚገባውን ብዙውን ተሐዋስ መግደል ነው። ጨጓራ ራሱ በዚህ ውሃ እንዳይቃጠል ውስጡ በሚያሙለጨልጭ ልጋግ ተለብጧል። ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ የሚወርደው የምግብ ቧንቧ ግን እንደዚህ ያለ ልባስ የለውም። ስለዚህ በሁለቱ መገናኛ ላይ እንደ ከረጢት አፍ የሚጠብቅና የሚላላ የጡንቻ ቀለበት ተሠርቶለታል፤ ምግብ ሲወርድ ይከፈታል፥ ከወረደ በኋላ ይዘጋል። ይህ ቀለበት ሲደክም፥ ወይም ጨጓራ ከመጠን በላይ ሞልቶ ሲገፋው፥ ኮምጣጣው ውሃ ወደ ላይ ተመልሶ ደረትን ያቃጥላል፤ አንዳንድ ጊዜም እስከ አፍ ደርሶ ይመርራል። ቃር የምንለው ይህ ነው። ሌሊት ሰው ተጋድሞ ሳለ ወደ ማንቁርት ከደረሰ ደረቅ ሳል ያስነሣል፥ ድምፅንም ይዘጋል። በቅኔ ትምህርት በታወቀው በዚህ አገር መሪ ጌታው ድምፁ እየተዘጋበት «ብርድ መታኝ» ብሎ ዝንጅብል ሲያኝክ የሚከርመው፥ አንዳንዴ ጥፋቱ ከብርዱ ሳይሆን ከማታው እራት ሊሆን ይችላል።

የጨጓራ ሥራ በዐይን የታየው በአንድ ሰው መከራ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1822 ዓ. ም. በሰሜን አሜሪካ አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የተባለ የቈዳ ንግድ ሠራተኛ በድንገት በጠመንጃ ተመታ። ሰውየው ከሞት ቢድንም ከሆዱ እስከ ጨጓራው የሚደርስ የማይደፈን ቀዳዳ ቀረበት። ዊልያም ቦሞንት የተባለ የጦር ሠራዊት ሐኪም ምግብ በሐር ክር እያሰረ በዚያ ቀዳዳ ሲያስገባና ሲያወጣ ለብዙ ጊዜ ተመልክቶ፥ ያየውን ሁሉ በ1833 ዓ. ም. መጽሐፍ አድርጎ አሳተመ። ከተመለከታቸው ነገሮች አንዱ ሰውየው በተቈጣ ጊዜ የጨጓራው ሥራ የሚታወክ መሆኑን ነው። በየጽሕፈት ቤቱ ከባለጉዳይ ጋራ ሲሟገቱ ውለው፥ ቍጣው ሳይበርድላቸው ምሳቸውን ለሚቀርቡ ሹማምንት ይህ ምስክርነት ይጠቅም ይመስለናል።

ከዚህም በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ የጨጓራ ቁስል ምክንያቱ ሐሳብና የአሲድ ብዛት ብቻ ነው ሲባል ኖረ። ይህን አሳብ የለወጡት በአውስትራሊያ በፐርዝ ከተማ የነበሩ ሁለት ሐኪሞች፥ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ናቸው። ዋረን በታመመ ጨጓራ ላይ የተጠማዘዘ ጥቃቅን ባክቴሪያ መኖሩን በ1979 ዓ. ም. አየ። ያንን ባክቴሪያ በብርጭቆ ሳሕን ላይ ለማብቀል ቢሞክሩ ግን አልበቅል አላቸው። በ1982 ዓ. ም. የትንሣኤ በዓል ሆነና ሠራተኞቹ ዕረፍት ሲወጡ ሳሕኖቹ ከተለመደው ቀን አልፈው በዚያው ተቀመጡ፤ ሲመለሱም ባክቴሪያው በቅሎ ተገኘ። ለካ የጎደለው ትዕግሥት ኖሯል! ማርሻል ሰው ሁሉ አላምንም ቢለው በ1984 ዓ. ም. ያንኑ ባክቴሪያ ራሱ ጠጣው፤ በጥቂት ቀን ውስጥም አስመለሰው፥ ጨጓራውም ተቈጥቶ ተገኘ። በ2005 ዓ. ም. ሁለቱም የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ባክቴሪያው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ይባላል። በአገራችን የተደረጉት ምርመራዎች ተደምረው ሲታዩ ከተመረመረው ሰው ግማሽ ያህሉ ይገኝበታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚተላለፈው በልጅነት፥ በንጹሕ ውሃ እጦትና በእጅ አለመታጠብ ነው። ባክቴሪያው ያለበት ሰው ሁሉ ግን አይታመምም፤ ቃርንም የሚያመጣው እርሱ አይደለም። እርሱ የሚያመጣው የጨጓራ መቈጣትንና ቁስልን ሲሆን፥ ለብዙ ዘመን ሲቈይ በጥቂት ሰዎች ላይ ነቀርሳን ያስከትላል።

ወደ አገራችን ልማድ እንመለስ። እራት የምንበላው ከመሸ በኋላ ነው፤ በልተንም ወዲያው እንተኛለን። ሙሉ ከረጢት አፉ ሳይታሰር ቢጋደም የያዘው መፍሰሱ አይቀርም። ከእራት እስከ መኝታ ቢያንስ ሦስት ሰዓት እንዲቈይ ሐኪሞች ይመክራሉ። ራስጌን ከፍ ማድረግም እጅግ ይጠቅማል፤ ባለ አልጋ ከራስጌው እግር ሥር ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ድንጋይ ወይም ግንድ ያግባበት፤ በመደብ የሚተኛም ሲለቀልቅ ራስጌውን በጭቃ ከፍ አድርጎ ይሥራው። ትራስ መደራረብ ግን አንገትንና ሆድን ያጥፋል እንጂ አይረዳም። በግራ ጎን መተኛት ከቀኝ ይሻላል። መቀነትን ከእምብርት በላይ አጥብቆ መታጠቅ ከታች ያለውን ወደ ላይ መግፋት ስለ ሆነ ቃር ያለበት ሰው ላላ ያድርገው።

የምግቡ ነገር ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱን በርበሬ ያቃጥለዋል፤ ሌላውን የተቁላላ ሽንኩርትና ዘይት፥ ሌላውንም የኮመጠጠ እንጀራ ወይም ቲማቲም ያስቸግረዋል። እያንዳንዱ የሚጎዳውን ራሱ አስተውሎ ይተው እንጂ፥ የሰማውን ሁሉ እየተወ ሰውነቱን ማክሳት የለበትም። በባዶ ሆድ ከአቦል እስከ በረካ ቡና መደርደር፥ ትምባሆ፥ ይልቁንም አረቄ፥ በብዙ ሰው ላይ ጉዳታቸው የተረጋገጠ ነው። «አረቄ ሆድ ያጸዳል» የሚለው ወሬ ከየት እንደ መጣ እንጃ፤ አረቄ የሚያጸዳው ያን የጨጓራ ልባስ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም የመከረውን የሚጠቅሱልን ወዳጆችም አሉን፤ ሐዋርያው ግን የተናገረው ስለ ወይን ነው፥ ያውም ስለ ጥቂቱ።

ተልባን በሚመለከት ግን አባቶቻችን አልተሳሳቱም ለማለት እንደፍራለን። በትንሣኤ ሌሊት 55 ቀን ከቅባት ርቆ የቈየ ሆድ ዶሮ ወጥ ከመቀበሉ በፊት በብዙ ቤት ተልባ ይጠጣል። ልጋጉ ጨጓራን ያለዝባል፤ ውሃው ንጹሕ ከሆነም ጉዳት የለውም፤ ቁስልን ግን አያድንም። ወተት ለጊዜው ካበረደ በኋላ አሲዱን መልሶ ያስነሣዋል። አምቦ ውሃም አሲዱን ጥቂት ቢያበርደውም በጋዙ ምክንያት ግሳት ስለሚያበዛ ቃር ላለበት ሰው ሁልጊዜ አይስማማውም።

አሁን ዋና ወዳልነው ነገር ደርሰናል፤ ይኸውም የጾመኛው ነገር ነው። ካህኑ በዐቢይ ጾም ሌሊት በማኅሌት ቆሞ ያድራል፤ ቀን ቅዳሴውን ይቀድሳል፤ እህል የሚቀምሰው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። የጾም ምግብ በራሱ ለጨጓራ ጠላት አይደለም፤ ገብስና ምስር ከጮማ ይልቅ ቀላል ናቸው። ችግሩ ቀኑን ሙሉ ባዶ የቈየው ሆድ በአንድ ጊዜ በበርበሬና በዘይት እስከ አፉ መሞላቱ ነው። አስቀድሞ ጥቂት አጥሚት ወይም ሾርባ ቀምሶ፥ ዐርፎ፥ ከዚያ በልኩ መብላት ለብዙው ሰው ይበቃዋል። ቁስል ያለበት ሰው ግን በዚህ ብቻ አይድንም። እንዲህ ያለው ካህን ሕመሙን እንደ ፈተና ቈጥሮ ይደብቀዋል፤ ጾምን ሽሽት እንዳይባል ያፍራል፤ ሕመሙ ሲብስበት ከሱቅ የራስ ምታት እንክብል ገዝቶ ይውጣል። አስፕሪን፥ ዲክሎፌናክ፥ አይቡፕሮፌን የሚባሉት የሕመም ማስታገሻዎች ግን ራሳቸው ጨጓራን የሚያቈስሉና የሚያደሙ ናቸው። ለወገብና ለጉልበት ሕመም እነርሱን ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሽማግሌም እንዲሁ ራሱን ይጠብቅ።

በዚህ ነገር ላይ ለመፍረድ አልተነሣንም፤ ፍርዱ የነፍስ አባት ነው። ነገር ግን ሊቃውንቱ ከእኛ ይልቅ እንደሚያውቁት፥ ከሐዋርያት ቀኖና አንዱ ጾምን የሚያፈርሰውን ካህን ይሻር ሲል በሥጋ ድካም የተከለከለውን ለይቶ ያወጣዋል። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ጾም በሚናገርበት ክፍል ለሕመምተኛው ያዝናል። እንግዲያስ ሕጉ የፈቀደለትን ሰው ኀፍረት ሊከለክለው አይገባም፤ የነፍስ አባቱም ሳይጠየቅ ቀድሞ ቢጠይቀው መልካም ነው። ፈቃድ የማይወድ ቢሆን እንኳ የሚያስማማ መንገድ አለ። ኦሜፕራዞል የሚባለው አሲድ የሚቀንሰው መድኀኒት ለብዙው ሕመምተኛ በቀን አንድ ጊዜ፥ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ የሚወሰድ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ከፈቀደ ጾመኛው ከቅዳሴ በኋላ ውጦት፥ ግማሽ ሰዓት ቈይቶ መብላት ይችላል። ብዙ ሰው ከበላ በኋላ እየዋጠው «አልሠራልኝም» ሲል ይሰማል፤ ጥፋቱ የመድኀኒቱ ሳይሆን የሰዓቱ ነው።

ባክቴሪያው በምርመራ ከተገኘ ደግሞ አሲድ ከሚቀንሰው ጋራ ሌሎች ሁለት ወይም ሦስት መድኀኒቶች፥ አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀን፥ ሳይቋረጡ ይወሰዳሉ። በአምስተኛው ቀን ስለ ቀለለው የተረፈውን ለዘመዱ የሚሰጥ ሰው ሁለት ሰው ይበድላል፤ ባክቴሪያውም መድኀኒቱን ይለምደዋል። የደም ምርመራ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ስለሚችል መዳንን የሚያሳየው የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው። ስለዚህ የጤና ሹማምንት ኦሜፕራዞልን ብቻ ሳይሆን ከእርሱ ጋራ የሚሰጡትንና የሰገራ መመርመሪያውን አብረው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች እንዲያደርሱ፥ በየገበያው እንደ ከረሜላ የሚቸረቸረውን የሕመም ማስታገሻም እንዲቈጣጠሩ እንለምናለን። አንዱ ቀርቶ ሌላው ከተላከ ሕመምተኛው ግማሽ መድኀኒት ውጦ ይመለሳል፤ ግማሽ መድኀኒትም ከምንም የከፋበት ጊዜ አለ።

በመጨረሻ ማንም ሰው ቃር ነው ብሎ ሊያቃልላቸው የማይገቡ ምልክቶች አሉ። ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቈረ፥ ደም ወይም እንደ ቡና አተላ ያለ ነገር ያስመለሰው፥ ምግብ ሲውጥ የሚያንቀው፥ ያለ ምክንያት የከሳ፥ ወይም ዕድሜው ከሃምሳ ካለፈ በኋላ ሕመሙ አዲስ የጀመረው ሰው ፈጥኖ መመርመር አለበት። ደረቱን ጨምድዶ ወደ ግራ ክንዱና ወደ መንጋጋው የሚሄድበት፥ ላብም የሚያጠምቀው ሰው ሕመሙ ከልብ ሊሆን ስለሚችል ተልባ እያጠጡ አያቈዩት። በቢቸናም በሞጣም ሐኪም ቤት አለ፤ ከዚያ ያለፈውን ደብረ ማርቆስ ይቀበላል። ደም ያስመለሰውን ሰው «ነገ ገበያ ነው፥ መኪና ይመጣል» ብሎ ማሳደር አይገባም፤ በቃሬዛም ቢሆን በዚያው ሌሊት ማውጣት ነው።