ተጨማሪ መረጃ፦ የቤት ውስጥ ኮምፒውተርና የገቢ ግብር
የሂሳብ መዝገብ የምትይዝ አንዲት ነጋዴ ጎንደር፣ አዘዞ ከሚገኘው መኖሪያ ቤቷ ሆና የጽሕፈትና የዲዛይን ሥራ ትሠራለች፤ ኮምፒውተር በ60,000 ብር ገዛች እንበል። ይህን ሁሉ በአንድ ዓመት ወጪ አድርጋ መያዝ አትችልም። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410 ለኮምፒውተር የሚፈቅደው የእርጅና ቅናሽ በቀጥተኛው ዘዴ በዓመት 20 በመቶ፣ ማለትም 12,000 ብር ነው።

ማታ ማታ ልጆቿ የሚያጠኑበት ከሆነስ? ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የሚቀነሰው ለንግዱ የዋለው ድርሻ ብቻ ነው፤ አገልግሎቱ ሦስት አራተኛው ለሥራ ከሆነ 9,000 ብር። ኮምፒውተሩን ጥር 1 ሥራ ካስጀመረችውና የግብር ዓመቷ ሰኔ 30 ከተዘጋ፣ የዚያ ዓመት ቅናሽ በግማሽ ወርዶ 4,500 ብር ይሆናል። የግዥው ደረሰኝ ከመዝገቡ ጋር ይቀመጣል።