ብቻውን የቀረ ተማሪ

ተማሪ ከክፍል ሲቀር ብዙዎቻችን ቶሎ «ስንፍና ነው» እንላለን። እስቲ የይፋትን ቆላ እንመልከት። በሸዋ ሮቢትና አካባቢዋ ትምህርት መስከረም ይከፈታል፤ ዝናቡ ሲያባራ ወባ የሚበረታውም ከዚያው ወር እስከ ኅዳር ነው። ማሽላው ሲያሽት ደግሞ ወፍ ይወርድበታል፤ የገበሬው ልጅ ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ ይውላል። ቀጥሎ አጨዳው ይደርሳል።

የመኸር ሥራ ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ የአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች ለአንድ ሳምንት ተዘግተው ተማሪዎች የዘማቾችን ሰብል እንዲሰበስቡ ተወስኖ ነበር። ያኔ ክፍሉ አብሮ ቆመ። ብቻውን የቀረውን ልጅ ግን ክፍሉ ጥሎት ይሄዳል። 9ኛ ክፍል ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ መነሻው ያመለጠው ሲመለስ ግራ ይገባዋል፤ ሒሳብም አንዱ ከተዘለለ ቀጣዩ አይገባም። ልጁ ያፍራል፣ ዝም ይላል፣ ኋላም በዚያው ይቀራል።

እኛ ዕጩ መምህራን ነገ ስም መጥሪያውን የምንይዝ ነን። «ቀሪ» ብሎ መጻፍ ብቻውን ምን ይረባል? ለምን እንደ ቀረ እንጠይቅ፤ ደብተር የሚያውሰው ጓደኛ እንፈልግለት፤ ያለፈውንም መልሰን እናስረዳው።