ባለቀለበቱ ዙሐል ከሌሎች ዘዋሪ ከዋክብት ጋራ ሲመዛዘን

በሐዲያ አገር በምትገኘው በፎንቆ፥ ዝናሙ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፥ ከእንሰቱ ተክል በላይ ሳይብለጨለጭ ረግቶ የሚያበራ ብጫ መሳይ ኮከብ የሚታይበት ወራት አለ። ልጆች ምንነቱን ቢጠይቁ ዝም ማሰኘት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ጥያቄው መልስ ያለው ስለሆነ፥ ለክቡራን አንባቢዎቻችን በአጭሩ ልንገልጸው ወደድን።

የቀድሞ ሊቃውንት ከዐረብ በመጣ ስም ዙሐል ይሉታል፤ ዛሬ በትምህርት ቤት ሳተርን ይባላል። የገዛ ራሱ ብርሃን የለውም፤ የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ይመልሳል እንጂ። ፎንቆ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች፥ ዙሐል በመካከለ ሰማይ ሲያልፍ ሁልጊዜ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በሎንዶን ግን በአንዳንድ ዓመታት ከአድማስ ብዙ ሳይርቅ ዞሮ ይገባል።

መጠኑን ለልጆች ለማስረዳት የቤት ዕቃ ይበቃል። ምድራችን አንዲት ሽምብራ ብትሆን፥ ዝሁራ ሌላ ሽምብራ፥ መሪኅ ምስር፥ ዙሐል ብርቱካን፥ መሽተሪ የሚባለው ጁፒተር ደግሞ ከብርቱካኑ ጥቂት የሚተልቅ ትርንጎ ይሆናሉ። እንግዲህ ዙሐል በትልቅነቱ ሁለተኛ ነው።

በክብደት ግን ልዩነታቸው ሰፊ ነው። መሽተሪ የምድርን 318 እጥፍ ሲመዝን ዙሐል 95 እጥፍ ብቻ ይመዝናል። አካሉ አብዛኛው ሃይድሮጅንና ሂልየም ስለሆነ፥ በእኩል ስፍር ቢመዘን ከውሃ እንኳ ይቀላል። ከስምንቱ ዘዋሪ ከዋክብት እንዲህ ያለ ሌላ የለም።

ቀለበቱን ዓይን ብቻውን አያየውም። ጋሊሌዎ በ1610 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በመነጽር ቢያይም ምንነቱን አልለየውም፤ ሆይገንስ የተባለው የሆላንድ ሊቅ በ1659 ቀለበት መሆኑን በመጽሐፍ ገለጸ። ቀለበት ያለው እርሱ ብቻ ነው ይባል ነበር፤ ነገር ግን በ1977 የኡራኑስ፥ በ1979 የመሽተሪ ቀለበት ታወቀ፤ በ1989 የኔፕቱንም ተረጋገጠ። የእነዚህ ደብዛዛ ሲሆን፥ የዙሐል ግን አብዛኛው የውሃ በረዶ ስለሆነ ያንጸባርቃል። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 270,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፥ ውፍረቱ በአብዛኛው ከመቶ ሜትር አይበልጥም።

ኮከብ ቆጣሪዎች ዙሐልን የመከራ ኮከብ እያሉ ሰውን ሲያስፈሩበት ኖረዋል። ነገር ግን አየርና በረዶ በማንም ልጅ ዕድል ላይ ሥልጣን የላቸውም። ይልቅስ ዙሐል ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር 29 ዓመት ተኩል ገደማ ይፈጅበታልና፥ ዘንድሮ አባቱ ያሳየው የ7 ዓመት ልጅ፥ ኮከቡ ወደዚያው ስፍራ ሲመለስ የ36 ዓመት ጐልማሳ ሆኖ ለገዛ ልጁ ለማሳየት ይበቃል።