የዒድ ስጦታ ከቤታችን ምጣድ፦ ጾመኛ ጎረቤትም የሚቀምሰው ዳቦ ቆሎ



ደብረ ታቦር ላይ እናስተምር በነበረበት ጊዜ፣ በ2016 ዓ.ም የዒድ አል-ፈጥር ማግስት፣ ቅቤና እንቁላል የገባበት ብስኩት ጋግረን ለሥራ ባልደረቦቻችን ይዘን ሄድን። አብራን የምታስተምር አንዲት ክርስቲያን እህት በሁለት እጇ ተቀብላ፣ እንኳን አደረሳችሁ ብላ፣ ብስኩቱን ከጠረጴዛዋ መሳቢያ ውስጥ አኖረችው። ዐቢይ ጾም መሆኑ ትዝ ያለን ቤት ከገባን በኋላ ነው። እሷ ምንም አላለችም። እኛ ግን ለዓመታት አብረናት ቡና ጠጥተን፣ የምትጾመውን ጾም እያወቅን፣ ልትቀምሰው የማትችለውን ነገር ስጦታ ብለን ማቅረባችን ዛሬም ያሳፍረናል።

ነገሩ የአንድ ዓመት አጋጣሚ አይደለም። የሂጅራው ዓመት ከፀሐዩ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ረመዷን በየዓመቱ ወደ ኋላ ይመጣል። በ2016 ዒድ ሚያዝያ 2 ሲውል ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነበር። በ2017 ደግሞ ዒድ መጋቢት 21፣ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋሉ። በ2018ም እንዲሁ ዒዱ የዋለው በሁዳዴው ውስጥ ነው። እኛ ፈጥረን ስንደሰት ጎረቤታችን ገና ጾም ላይ ነው ማለት ነው። ያ ጾም ሥጋን ብቻ ሳይሆን ወተትን፣ ቅቤንና እንቁላልንም ይከለክላል።

በሌላው ጊዜ እንኳ ሥጋችን እንደማይገናኝ የታወቀ ነው። የእኛን እርድ እነሱ አይበሉም፤ የእነሱንም እኛ። ስለዚህ ደግ አባወራ ለሌላው ሃይማኖት እንግዳ በግ ለይቶ በእንግዳው ወገን ያሳርዳል። በሁዳዴ ግን ይህም መላ አይሠራም። የሚቀረው ከዱቄትና ከዘይት፣ ከገብስና ከሽምብራ የሚሠራው ነው። በጋይንትም በፋርጣም በእስቴም የማይጠፋው ደግሞ ይኸው ነው።

ከሃይማኖታችን አንጻር ጉዳዩ ግልጽ ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ሁለት ጎረቤት እንዳላት ገልጻ ስጦታውን ለማን እንደምታስቀድም ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ስትጠይቅ፣ በሩ ይበልጥ ለሚቀርበው እንድትሰጥ እንደነገሯት ቡኻሪ ዘግበዋል። ዐብደላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) ደግሞ በቤታቸው በግ ታርዶ ሳለ ቤተሰባቸውን የጠየቁት ለአይሁዳዊው ጎረቤታቸው መሰጠት አለመሰጠቱን እንደነበር በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ተዘግቧል። እኛን ያልተጋፉንንና ከቀያችን ያላስወጡንን ሰዎች በበጎ መያዝ እንዳልተከለከለ በሱረቱል ሙምተሒና 8ኛው አንቀጽ ላይ እናገኛለን።

አንዳንድ ወንድሞች፣ "መስጂዳችን እየተቃጠለ ስለ ብስኩት ታወራላችሁ?" ይሉን ይሆናል። ከእስቴ ማዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ባለችው ሞጣ በታኅሣሥ 2012 መስጂዶች ተቃጥለዋል፤ በሚያዝያ 2014 በጎንደር ከተማ በቀብር ላይ የነበሩ ሙስሊሞች ተገድለዋል። ይህን ማንም አይረሳም፤ ተጠያቂነቱም በዳቦ ቆሎ የሚተካ አይደለም። ግድግዳ የሚጋራን ጎረቤት ግን የዚያ ወንጀል ባለቤት አይደለም። ሐቁም በሌላ ሰው ጥፋት አይወድቅም።

ወደ ምጣዱ ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር መለየት አለበት። ይህ ስጦታ ዘካተል ፊጥርን አይተካም። ዘካተል ፊጥር በየነፍስ ወከፉ አንድ ቁና (ሷዕ) እህል ነው፤ እንደ እህሉ ዓይነትና እንደ ዑለሞቹ ስሌት ከ2 ኪሎ አልፎ እስከ 3 ኪሎ ይደርሳል። መውጣት ያለበትም ሰው ወደ ዒድ ሶላት ከመሄዱ በፊት ነው። ለሚስኪን ቤተሰብ አንድ ጥቅል ብስኩት ሰጥቶ ግዴታዬን ተወጣሁ ማለት አይቻልም። መጀመሪያ እህሉ፣ ቀጥሎ ስጦታው።

ዳቦ ቆሎ ለአንድ ቤተሰብና ለሦስት አራት ጎረቤት እንዲበቃ አንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት ያዙ። አንድ የቡና ስኒ ሙሉ ስኳር፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ትንሽ የተፈጨ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ጨምሩበት። የሚያቃጥል የሚወድ ስኳሩን ቀንሶ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ያድርግ። ከዚያ አንድ የሻይ ብርጭቆ የምግብ ዘይት ከደረቁ ዱቄት ጋር በእጅ እሹት። ይህ እርምጃ አይዘለል፤ ዳቦ ቆሎው ጥርስ የማይሰብር፣ ፍርፍር የሚል የሚሆነው ዘይቱ ከውሃው ቀድሞ ዱቄቱን ሲይዝ ነው። ከዚያ በኋላ ለብ ያለ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እያፈሰሳችሁ ጠንከር ያለ ሊጥ አውጡ። እርሾ አያስፈልገውም። ሸፍናችሁ ሩብ ሰዓት አሳርፉት።

ካረፈ በኋላ በእርሳስ ውፍረት እያድበለበላችሁ በጣት ጥፍር መጠን ቁረጡት። በመቀስ መቁረጥ ይፈጥናል፤ ለልጆች የሚሰጥ ሥራም ይኸው ነው። እኛ ቤት መቁረጡን የሚጨርሱት ትንንሾቹ ናቸው፣ ግማሹን በጥሬው ካልበሉት። በደረቅ ምጣድ ላይ መካከለኛ እሳት አድርጋችሁ፣ እጃችሁን ሳታቋርጡ እያማሰላችሁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቁሉት። እሳቱ ከበረታ ውጩ ይጠቁርና ውስጡ ሊጥ ይቀራል። አንዱን አውጥታችሁ ካቀዘቀዛችሁ በኋላ ስበሩት፤ ቀጭ ካለ ደርሷል፣ ከታጠፈ ገና ነው። በዘይት መጥበስም ይቻላል፤ ግን ዘይት ይፈጃል፣ ቶሎም ይሻግታል። የዘይት ዋጋ በሚታወቅበት በዚህ ጊዜ መቁላቱ ይሻላል እንላለን።

ምጣዱንና መጥበሻውን በተመለከተ አደራ። ቅቤ የቀለጠበት መጥበሻ በደንብ ካልታጠበ ሽታውም ቅባቱም ይቀራል። በዘይት ፋንታ የታሸገ የዳቦ ቅቤ የሚያደርጉም አሉ፤ አንዳንዱ ወተት አለበትና ጽሑፉን አንብቡ። ጾመኛዋ እኛን አምና ነው የምትበላው፤ "የጾም ነው" ብለን ከሰጠን የጾም መሆን አለበት። አማና ነው።

ምጣዱ እንደጋለ ቆሎም ማዘጋጀት ይቻላል። ከጉና ግርጌ ያለ ሰው ስለ ገብስ ከእኛ አይማርም። ሆኖም ለስጦታ የሚያምረው የተፈተገ ገብስ፣ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ውሃው የተንጠፈጠፈ ሽምብራ፣ ኦቾሎኒና ሱፍ ለየብቻ ተቆልተው በመጨረሻ ሲደባለቁ ነው። አንድ ላይ ከተቆሉ ሱፉ አርሮ ሽምብራው ጥሬ ይሆናል። ለልጆች ደግሞ አንድ ብርጭቆ ስኳር ያለ ውሃ ቀስ ብሎ ሲቀልጥ አንድ ብርጭቆ ተኩል የተቆላ ሰሊጥ ወይም ኦቾሎኒ አግብታችሁ፣ ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ አፍስሳችሁ፣ ሳይደርቅ በቢላዋ ከፋፍሉት። በውሃ የሚሠራው የስኳር ሽሮፕ ደብረ ታቦር ላይ ያስቸግራል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ 91 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ የቆላ አገር ሰው የነገራችሁ የሙቀት ልክ እዚህ አይሠራም። የቀለጠ ስኳር ክፉኛ ያቃጥላልና ይህን ሥራ ለልጆች አትተዉ።

ሁሉም ነገር ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ እንዳይታሸግ። በትኩሱ ላስቲክ ውስጥ የገባ ዳቦ ቆሎ በእንፋሎቱ ልፍስፍስ ብሎ ያድራል። ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳን ባለው ዕቃ ከሦስት ሳምንት በላይ ይቆያል። በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ መስጠት ይበቃል፤ ትንሽ ሙዳይ ያለው ቤት በሙዳይ ቢያደርገው ያምራል። ሥራውን ረመዷን 27 ወይም 28 ላይ ከጨረሳችሁ የዒዱ ዋዜማ ለዘካው ነፃ ይሆናል።

ለጎረቤት ስታደርሱ ጠዋት "አሁን ቅመሱልኝ" አትበሉ፤ በጾሙ ሰዓቱ ያልደረሰ ይኖራል። ሰጥታችሁ "ቅቤም እንቁላልም የለውም" በሉ። በዓመቱ ለዚያች እህት ዳቦ ቆሎ ስንወስድላት ያልነው ይህንኑ ነበር። ሳቀች፣ ወረቀቱን ከፍታ ሽታውን አየችና፣ "ዘንድሮስ መሳቢያ አይገባም" አለችን። ለካ አልረሳችውም።