በወታደር ኪስ ልክ

አሜሪካ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ስትቀላቀል ለጦሯ መጻሕፍት ያሰባሰበችው መጀመሪያ ከሕዝብ በልገሳ ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠሩ መጻሕፍት መጡ፤ ብዙዎቹ ግን ለወታደር የማይሆኑ ነበሩ፣ ደኅናዎቹም ባለደረቅ ሽፋንና ከባድ በመሆናቸው ስንቅና ጥይት ለተሸከመ እግረኛ ሌላ ጭነት ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1943 አሳታሚዎችና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ያሉበት የጦርነት ጊዜ የመጻሕፍት ምክር ቤት ለወታደር ብቻ የሚሆን እትም ማውጣት ጀመረ። በመጽሔት ማተሚያ ላይ ሁለት መጻሕፍት አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ሆነው ይታተሙና በመሐል ይቆረጡ ነበር። የሚወጣው ጎኑ ሰፊ፣ ቁመቱ አጭር፣ በሽቦ የተሰፋ፣ ከደንብ ልብስ ኪስ የሚገባ መጽሐፍ ነበር። ገጹም በሁለት ዓምድ ተከፍሏል፤ አጭር መስመር ለደከመ ዓይን ይቀላልና። እስከ 1947 ድረስ ከ1,300 በላይ ርዕሶች ከ120 ሚሊዮን በሚበልጥ ቅጂ ታተሙ፤ የአንዱ ወጪ በአማካይ 6 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነበር።

ወታደሩ ያነበበው ሥራ ስለፈታ ነው የሚል አይጠፋም። እውነት አለው፤ በጦርነት ከተኩሱ መጠበቁ ይበዛል። ነገር ግን የካርታ ጨዋታም ጊዜ ያሳልፋል። መሰልቸት ሰውን ወደ መጽሐፍ የሚወስደው መጽሐፉ እጁ ላይ ሲገኝና እንደ ትምህርት ቤት ግዳጅ ሳይጫንበት ሲቀር ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ የካውቦይ ታሪክም፣ ግጥምም፣ ልቦለድም ነበር። «ዘ ግሬት ጋትስቢ» 155,000 ቅጂ ታተመለት፤ ደራሲው ፊትዝጀራልድ በ1940 ሲሞት ግን ፈላጊ ያጣ መጽሐፍ ነበር። መታተም መነበብ አይደለም ቢባል፣ ስለ ብሩክሊን ልጅነት ለጻፈችው ለቤቲ ስሚዝ ከየግንባሩ የጎረፈው የወታደር ደብዳቤ ይመሰክራል። የመጻሕፍቱ ምርጫ ፍጹም ነጻ ነበር ማለቴ ግን አይደለም፦ በ1944 ስለ ድምፅ አሰጣጥ የወጣ ሕግ ፖለቲካ ነክ መጻሕፍትን አሳገደ፤ ምክር ቤቱና ጋዜጦች ጮኸው በዚያው ዓመት ተሻሻለ።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ፊደል ያልቆጠሩትን የሚመለከት ነው። ኪስ የሚገባ ልቦለድ ለእነርሱ ምን ይረባል? ጦሩ ማንበብ የማይችሉ ምልምሎችን በልዩ የሥልጠና ክፍሎች እስከ አራተኛ ክፍል ደረጃ ያስተምር ነበር፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች አልፈውበታል። የመማሪያው ባለታሪክ ፒት የሚባል ተራ ወታደር ሲሆን ንባቡ ስለ ሰፈር ኑሮና ስለ ጦር ሕይወት ነበር። ይህም የኪስ መጽሐፉን መርሕ ያጠናክራል፤ ጽሑፉ በአንባቢው ኑሮ ልክ ተሰፍቷል። ሆኖም ከፒት እስከ ጋትስቢ ያለው ርቀት ሰፊ ነው።